ካምቢዮዬን የገደለው ሰው

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለሣህሊቱ፣

ልጅሽ ፍሬው የመኪናዬን ካምቢዮ ገድሎብኛል። ሰላምታውን ከታች ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ይህን እወቂ።

መኪናዬ፣ አኮርዷ፣ ከሥር ትንሽ ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ጉልበቴ እንደ ድሮው ከመኪና ሥር አያስገባኝም። የገዛ ዘመዴ መካኒክ እያለ ለባዕድ ለምን እሰጣለሁ ብዬ ፍሬው ወደሚሠራበት፣ ሐበሾች ከሚበዙበት ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ወሰድኳት። እንደ ልማዴ አጠገቡ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ሥራውን አየሁ። እኔ ከአሰብ መንገድ የሾፌርነት ዘመኔ ጀምሮ መኪናዬን መካኒክ እጅ ላይ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። የሚያፈስበትን ቦታ አሸገ፣ የካምቢዮውን አሮጌ ዘይት አውጥቶ አዲስ ሞላ። አሮጌውን ሲያወጣ በጣቱ ነካ፣ አሸተተና፦

«ጋሼ፣ ዘይት የሚጨምርላት ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ። አንተ ሳትወለድ ጀምሮ መኪና ላይ ዘይት ስጨምር የኖርኩ ሰው ነኝ» አልኩት።

ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። ስነሣ ብቻ «ለጊዜው ብዙ ድራይቭ ባያደርጓት ጥሩ ነው» አለኝ። ምክንያቱን ግን አልነገረኝም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ንጋት ላይ፣ ባንቺአየሁን ወደ ኩላሊት እጥበቷ ስወስድ ኦሎምፒክ መንገድ መሐል ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። አርባ ደቂቃ በብርድ ተቀመጥን። ሚስቴ «አይዞህ» እያለች እኔን ታጽናናለች። ስንደርስ ሰዓቷ አልፎ ስለነበር እጥበቱን አሳጠሩባት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት በፌርፋክሱ ምግብ ቤት በር ላይ ፍሬውን አገኘሁትና የሚገባውን ነገርኩት። «ደህናውን ዕቃ አውጥተህ የወደቀ ነገር አስገባህብኝ፤ ሌባ ነህ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ንጹሕ ሰው ይቅርታ አይልም።

ለጋራዡ ባለቤት «በእኔ ይሁንብህ» ብዬ ያስቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። ቃሌን አንሥቻለሁ።

ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ጻፍኩልሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ላይ የተባለ ነገር በነጋታው ስለሚካድ ነው። ለአንቺና ለቤትሽ እግዚአብሔር ጤና ይስጥ። ባንቺአየሁ ሰላም ብላሻለች።

ክፍሉ


ቢሾፍቱ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ክፍሉ፣

ከባቦጋያ ሐይቅ ወዲህ ያለነው ሁላችንም በቸርነቱ ደህና ነን፤ እናንተን ደግሞ ያው ቸርነት አይለያችሁ። ለእትዬ ባንቺአየሁ ምሕረቱን ያውርድላት፤ ስሟን ለቅዳሴ ሰጥቻለሁ።

ደብዳቤዎን ትናንት ከፖስታ ቤት ተቀበልኩ። ቤት እስክደርስ አልታገሥ ብዬ እዚያው ከፈትኩት። እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ሠራተኛዋ «እትዬ፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይደለም፣ የወንድሜ ሰላምታ ነው» አልኳት።

በልጄ ስም እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እትዬ ባንቺአየሁ በዚያ ብርድ መቀመጧ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ለጣሪያው ቆርቆሮ ያስቸገርኩዎትን እርሱት፤ ክረምቱ አልፏል። አሁን የምለምንዎት ሌላ ነው። ፍሬው በዚያው እሁድ ማታ ደውሎልኝ ነበር። አንድ ነገር ነገረኝ። ለማንም እንዳላወራ አስምሎኛልና አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም። ይኸው አራት ሳምንት ሆነ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሕፃን አይደለም እላለሁ፤ ግን አንድም እሁድ ሳይደውልልኝ አልፎ አያውቅም። ቤቱ ከእርስዎ ቤት በእግር የሚደረስ ነው ብሎኝ ነበር። በሩን ብቻ ያንኳኩልኝ። ይቆጡት፣ ይስደቡት፣ ግን በዓይንዎ ይዩት።

ታናሽዎ ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሣህሊቱ፣

እንደምን ከርመሻል። እኛ አለን።

በሩን አላንኳኳሁም። ለባንቺአየሁ መድኃኒት ላመጣ ስሄድ ግን በቤቱ በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ላይ መጋረጃ የለም፤ የተለቀቀ ቤት ይመስላል። ይህን የምጽፍልሽ ዓይኔ ስላየ ነው እንጂ ፍለጋ ሄጄ አይደለም።

መኪናዋ ከቤቴ በር ላይ ቆማለች። ለባንቺአየሁ ክሊኒኩ ቫን ይልካል። ቫኑ በመጣለት ሰዓት ነው የሚመጣው። ሰኞ ዕለት ጭራሽ ሳይመጣ ቀረ። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላት አለ። አብሮኝ ታክሲ የነዳው ዘለቀ መጥቶ አደረሳት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሳመላልስ ኖሬ አሁን መስኮት ላይ ቆሜ የሰው መኪና እጠብቃለሁ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልታጠበች ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ነግሮኛል። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እሷም የምታውቀውን ለእኔ አትነግረኝም።

ስለዚህ የሚታመን ጋራዥ ፍለጋ ላይ ነኝ። ካምቢዮ የሚከፍት ሰው ልብ እንደሚከፍት ሐኪም ነው፤ ከከፈተው በኋላ ምን እንዳደረገ ባለቤቱ አያውቅም። መኪናዋን ሳልወስድ በአውቶቡስ እየሄድኩ አስቀድሜ ባለሙያውን እመረምራለሁ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዋጋውን ከመክፈትህ በፊት በጽሑፍ ትሰጠኛለህ? የወጣውን አሮጌ ዕቃ ትመልስልኛለህ? ስትሠራ አጠገብህ እቀመጣለሁ?

ሚድ ዊልሻየር በሚባለው ሰፈር ያለው የመጀመሪያው ጋራዥ ሆቴል ይመስላል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ዳኒ የሚባል የኛ ልጅ ነው። ሁለቱን ጥያቄ እሺ ብሎ ሦስተኛው ላይ ሳቀ።

«አንክል፣ ኢንሹራንሱ አይፈቅድም። ሶ፣ ላውንጅ ውስጥ ትጠብቃለህ። ዋይፋይ አለ፣ ቡና አለ።»

«ዋይፋዩ ካምቢዮዬን ያሳየኛል?»

«ኖ፣ ግን ፎቶ አንሥተን ቴክስት እናደርግልሃለን።»

«የማን ካምቢዮ ፎቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ብዬው ወጣሁ። በአባቱ ዕድሜ ያለሁትን «አንተ» ማለቱን ግን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሳሰላስለው ሄድኩ።

ሁለተኛው ከሚራክል ማይል ሰፈር ወደ ታች ነው። መኪናዋን ሳያይ፣ የምነግረውን እንኳ ሰምቶ ሳይጨርስልኝ፣ «ሙሉ ካምቢዮው ይቀየራል» አለ። ሳይነካኝ በሽታዬን የሚነግረኝን ሐኪም አላምንም። ሦስተኛው አሮጌው ዕቃ ወደ ፋብሪካ ተመላሽ ነው፣ አልሰጥህም አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የገደለኝን ነገር ማየት እፈልጋለሁ።

ዘመድ አምኜ የሆንኩትን አይቻለሁ፤ ባዕድ ማመን ደግሞ ይኸው እንዲህ ከበደኝ። ለዚህ ያበቃኝ ልጅሽ ነው።

ክፍሉ


ቢሾፍቱ፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ክፍሉ፣

ልደቱን በሰላም ያሳለፈን ጥምቀቱንም ያድርሰን። የእርስዎ መልስ እስካሁን አልደረሰኝም። ሳይደርሰኝ ይህን መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

የጎረቤቴ ልጅ ኤማ ስልኳን ይዛ መጣች። ላሳይሽ አላሳይሽ እያለች በር ላይ ቆማ ቆየች። ሎስ አንጀለስ ያሉ ሐበሾች የሚጻጻፉበት ቦታ ላይ የፍሬው ፎቶ ወጥቷል። «ከዚህ መካኒክ ተጠንቀቁ፣ የገዛ ዘመዱን የዘረፈ ሌባ ነው» ይላል። ከሥሩ ብዙ ሰው ጽፏል። አንዱ «እኔንም ሳይዘርፈኝ አይቀርም» ይላል። ሌላው የጋራዡ ባለቤት እንዳባረረው ጽፎ አመስግኖታል።

እርስዎ ስልክ ላይ እንደማይጽፉ አውቃለሁ። ቃሉ ግን የእርስዎ ነው።

አሁንም አልደወለም። ኤማ ፎቶውን አጥፊልኝ ስላት «እትዬ፣ ከእኔ ስልክ ላይ ቢጠፋ ከሰው ስልክ ላይ አይጠፋም» አለችኝ። ደብዳቤዬን እዚህ ላይ እቋጫለሁ። ለእትዬ ባንቺአየሁ ሰላምታዬ ይድረስ።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሣህሊቱ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሁለተኛውን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመስጠት አሥር ቀን ቆይቻለሁ። አልታመምኩም።

ዘለቀ በርባንክ ከተማ ያለ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ መካኒክ ጠቆመኝ። ትንሽ ጋራዥ ነው፤ በሩ ላይ ጽሑፍ እንኳ በቅጡ የለውም። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅኩት። ሁለቱን በጽሑፍ ፈረመልኝ። ሦስተኛውን ስጠይቀው አንድ አሮጌ ሳጥን በእግሩ እየገፋ አመጣና «ተቀመጥ፤ እኔም በሰው ቤት ብሆን እቀመጣለሁ» አለኝ። መኪናዋን አስጎትቼ ወሰድኩለት።

የካምቢዮውን የታች ክዳን ፈቶ ነጭ ወረቀት ላይ ዘይቱን ጠብ አደረገ። በጣቱ ነካ። አሸተተ። ከዚያም፣ ሣህሊቱ፣ ፍሬው የጠየቀኝን ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቀኝ። ዘይት የሚጨምርላት ማን ነው?

«በጥቅምት አንድ ልጅ ቀይሮት ነበር፤ ካምቢዮውን የገደለው እሱ ነው» አልኩት።

«እሱ የሞላው ትክክለኛው ዘይት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ነው የምጠይቅህ» አለኝ። ውስጡን ከፍቶ አሳየኝ። ተቃጥሏል። «ይህ የዘጠኝ ቀን ሥራ አይደለም። የዓመታት ነው። የሌላ መኪና ዘይት ሲገባበት ኖሯል» አለኝ።

ቤቴ ገባሁ። ከማዕድ ቤቱ ማጠቢያ ሥር፣ ከታክሲ ዘመኔ የተረፈ የካምቢዮ ዘይት አለኝ። ለታክሲዬ፣ ለክራውን ቪክቶሪያዋ፣ የገዛሁት ነው፤ ታክሲውን ስሸጥ ልጥለው አሳሳኝ። አኮርዷ ስትጎድል ከእሱ ስጨምርላት ኖሬያለሁ። ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው ብዬ። በማጉያ መነጽር የጠርሙሱን ጀርባ አነበብኩ፤ የአኮርዷ ስም የለበትም። ከዚያ የእሷን መመሪያ መጽሐፍ ከመኪናዋ ኪስ አወጣሁ። ከነላስቲኩ ነው። የታክሲዬን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ ያነበብኩ ሰው የዚህችን አንድ ገጽ አልገለጥኩም። ከራሷ ዘይት ሌላ አትጨምሩ ይላል፤ በደማቁ ተጽፏል።

ነገሩ ይህ ነው። ልጅሽ ግን አፍ አለው፤ መናገር ነበረበት። ለምን ዝም አለ? በዚያ እሁድ የነገረሽን ጻፊልኝ። ሲደውልልሽም ጋሼ ክፍሉ ይቅርታ ብለውሃል በይው። ከአንቺ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ እዚሁ ላይ ይብቃ።

ክፍሉ


ቢሾፍቱ፣ የካቲት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ክፍሉ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ዛሬ ግን አላስረዝመውም።

መሐላዬን ማፍረሴ ነው። እንዲህ ነበር ያለኝ፦ «እማዬ፣ ዘይቱ የሌላ መኪና ነው። ራሳቸው ናቸው ያበላሿት። መጀመሪያ ቀን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ተቆጡኝ፣ ፈራሁ። ዛሬ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ብናገር እሳቸው ዳግመኛ እዚያ በር ላይ አይቆሙም። ሌላ ምን አላቸው? እኔ ገና ነኝ፤ ሌላ ቦታ እሠራለሁ።»

እኔ እናቱ ነኝ። ይህን እያወቅኩ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩዎት። ታላቄ ነዎት፤ አባቴ ሲሞት እዚያ ሆነው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ቻልኩት። አንድ ነገር ግን አልችልም። ሌባ ያሉት በሰው ፊት ነው። ይቅርታዎን በእኔ በኩል፣ በወረቀት አይላኩለት። አላደርሰውም።

ባለፈው ሳምንት በማላውቀው ቁጥር ደወለ። «ደህና ነኝ እማዬ» ብሎ ዘጋ። ከበስተኋላው የአውሮፕላን ጩኸት ይሰማል። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ያንን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሣህሊቱ፣

ደብዳቤሽ ረቡዕ ደረሰኝ። ለባንቺአየሁ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «እና፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

የአውሮፕላኑን ነገር ለዘለቀ ነገርኩት። በርባንክ ኤርፖርት ደጅ የኪራይ መኪና የሚያጥቡ ሐበሾች እንዳሉ ያውቃል። ዓርብ ይዞኝ ሄደ። ፍሬው የውሃ ቱቦ ይዞ ቆሟል። ከስቷል። ሲያየኝ ውሃውን ዘጋ።

«መካኒክ ሆነህ መኪና ታጥባለህ?» አልኩት።

«ኦኬ ነው ጋሼ፣ ሥራ ነው። እትዬ ባንቺአየሁ እንዴት ናቸው?»

አምስት ወር ሊሞላ ምን ቀረው፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው። ዘለቀ ወደ መኪናው ተመለሰልን።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ይሰሙኝ ነበር?»

«አልሰማህም ነበር።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እሁድ ፌርፋክስ እሄዳለሁ ስለው ነገሩ ገብቶት «ተዉት ጋሼ፣ በቃ አልፏል» አለ። «ፈቃድህን አልጠየቅኩህም፤ ለእናትህ ደውል» ብዬው ሄድኩ። እንደደወለልሽ አውቃለሁ። ባንቺአየሁ ከእሱ ሰምታ ነግራኛለች።

እሁድ ዕለት፣ ያው ምግብ ቤት፣ ያው በር። ሰዉ ለጾም በየዓይነቱ ተራ ይጠብቃል። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። የዘይቱን ጠርሙስ በእጄ ይዣለሁ። አንዱ «ጋሼ ክፍሉ፣ ጠበል ነው እንዴ የያዙት?» አለና ሰው ሳቀ። ደረጃው ላይ ወጣሁ።

«በጥቅምት እዚህ በር ላይ ፍሬውን ሌባ ስል የሰማችሁ እጃችሁን አንሡ» አልኩ። አልተንቀሳቀሱም። ደግሜ ጠየቅኩ። አምስት ስድስት እጅ ወጣ። ፍሬውን ያባረረው የጋራዡ ባለቤትም አነሣ፤ ወዲያው አወረደው።

«ካምቢዮዬን የገደልኩት እኔ ነኝ። በዚህ። የታክሲዬን ዘይት ስጨምርበት ኖሬ። ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን አውቆ ነበር፤ እኔ በሰው ፊት እንዳላፍር ብሎ የራሱን ስም አስጠፋ። ሌባ የለም። ያላወቀ ሽማግሌ ነው ያለው።»

ከኋላ አንዱ «እንዴ ጋሼ፣ እርስዎ? የመኪና ሊቁ?» አለ።

«አዎን፣ ሊቁ።»

ስልክ ላይ የጻፈችው ልዩ የምትባል ሴት መሆኗን ዘለቀ ነግሮኝ ነበር። እዚያው ቆማለች። «እንደዚያኛው አድርገሽ ይህንንም ጻፊ። ፎቶውንም አንሺ» አልኳት። «ኧረ ጋሼ፣ እንዴት…» አለች። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ ቆምኩ፤ እስክታነሣ አልወረድኩም። ኤማ ታሳይሽ።

ማክሰኞ ፍሬውን ወደ አርመናዊው ወሰድኩት። ዘይቱን አሽቶ ያወቀው ልጅ ይህ ነው አልኩት። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ ካምቢዮውን አብረው እንዲሠሩት ተስማሙ። ቀጥሮታል አልልሽም። በሌሎቹ ቀናት አሁንም መኪና ያጥባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ና ብሎታል። የድሮው ጋራዥ ባለቤት ተመለስ ብሎ ደውሎለት ነበር። «አስብበታለሁ» አለው። ደግ አደረገ።

ያን ጊዜ የተቀመጥኩበት ሳጥን እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ፍሬው በጨርቅ ጠርጎ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ። የመኪናዬን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«አይቆዩም?» አለኝ።

«አልቆይም» አልኩት። በአውቶቡስ ተመለስኩ። መንገዱን በሙሉ መኪናዬን ሰው እጅ ላይ ጥዬ እንደመጣሁ አሰብኩ፤ ግን አልወረድኩም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ራሱ ነድቶ አመጣት። ዛሬ ንጋት ባንቺአየሁን በሰዓቷ አደረስኳት።

ክረምቱ ከመድረሱ በፊት ስለ ጣሪያሽ ቆርቆሮ ጻፊልኝ። ስለ ጤናሽ ጻፊልኝ። ስለዚህ ነገር ግን አንድ ቃል እንዳትጽፊ። ብትጽፊ ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልሰጥም፤ ፍሬው ቢያነሣው ከቤቴ አስወጣዋለሁ፤ ባንቺአየሁም ታውቃለች። ያለብኝን በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ከእንግዲህ እስክሞት ድረስ ከአፌም ከብዕሬም አይወጣም።

ክፍሉ